ላሃር የሸፈነው መሬት፦ ዳሩ ሣር ሲያበቅል መሃሉ ችግኝ የሚገድለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ከእሳተ ገሞራ ተራራ የወረደ የጭቃ ጎርፍ መሬታችንን ሸፍኖታል። ዳር ዳሩ ላይ ከጉልበት በታች ነው፤ መሃሉ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ዳሩ ላይ ሣር በራሱ በቅሏል፤ ሃያ እርምጃ ገባ ሲሉ ግን ባዶ ነው። ባዶው ላይ 200 የዛፍ ችግኝ ተክለን ዝናቡ ባቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ደረቀ። ዩሪያ ብንጨምርም ለውጥ የለም። የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው ይባል የለም እንዴ? የትኛውን ማዳበሪያ እንጠቀም?»

ምላሽ፦

የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው መባሉ ትክክል ነው። መሬትዎ ላይ የተኛው ነገር ግን ገና አፈር አልሆነም። ያ ለምነት የሚመጣው አመዱና ድንጋዩ ለመቶዎችና ለሺዎች ዓመታት በዝናብ እየተበላ፣ የዕፅዋት ብስባሽ እየተጠራቀመበት፣ ትላትልና ሥር እያላወሱት ነው። የሁለት ዓመት ላሃር (ዓለም ይህን ጭቃ ጎርፍ የሚጠራበት ስም ከጃቫ ደሴት የመጣ ነው) የተፈጨ ድንጋይ፣ አሸዋና ደለል ብቻ ነው። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ፖታሲየሙ በድንጋዩ ውስጥ አለ። ናይትሮጅን ግን ከድንጋይ አይገኝም፤ ውሃ የሚይዝለት ብስባሽም የለውም።

ስለዚህ «የትኛው ማዳበሪያ?» ከሚለው በፊት የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ውሃው ይገባል ወይ? የገባው ይቆያል ወይ? ሥርስ ያልፋል ወይ? ችግኞችዎ የሞቱት በረሃብ ሳይሆን በጥም ነው ብዬ አምናለሁ። ዝናቡ ባቆመ በሁለት ሳምንት መድረቃቸው ይመሰክራል። ናይትሮጅን ያጣ ችግኝ እንዲህ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ የታችኛው ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ እድገቱ ይቆማል፤ እስኪሞት ወራት ይፈጅበታል።

ሃያ እርምጃ ለምን ይህን ያህል ይለያያል?

ላሃር ሲወርድ እርጥብ ኮንክሪት ነው የሚመስለው። ከጠቅላላ ይዘቱ ከ60 በመቶ በላይ ደረቅ ነገር ሲሆን ቋጥኙን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውንና ደቃቁን ሳይለይ አብሮ ተሸክሞ ይሄድና ሲቆም እንደተቀላቀለ ይረጋል። ውሃ እየገባበት ቀጥኖ ደረቁ ነገር ከ20 እስከ 60 በመቶ ሲሆን ደግሞ አሸዋውን በንጣፍ በንጣፍ ያነጥፈዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቀጭን ጭቃ ላዩን ይለስንና ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ትላልቅ ድንጋዮች ወደ ላይና ወደ ዳር እየተገፉ ይወጣሉ። በአንድ ሌሊት የወረደ አንድ ጎርፍ በአንድ መሬት ላይ ሦስት አራት ዓይነት ክምችት የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ለሁሉም አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ የአተካከል ዘዴ መፈለግ ከመነሻው ያሳስታል።

በዩናይትድ ስቴትስ የሴንት ሄለንስ ተራራ በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግንቦት 18 ቀን ፈንድቶ ወንዞቹን ላሃር ከሞላቸው በኋላ በተደረጉ የረጅም ጊዜ ክትትሎች ደግሞ ደጋግሞ የታየ ነገር አለ። ያልተነካ ደን አጠገብ ያለው ላሃር ቶሎ ይለብሳል፤ የራቀው ይዘገያል፤ ምክንያቱም ዘር የሚመጣው ከደኑ ነው። እርስዎም ዳሩ ላይ ሁለቱም ዕድል አለዎት፤ ዘሩ ቅርብ ነው፣ የቀድሞው አፈርም ከላሃሩ ሥር ሩቅ አይደለም። የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ግን መቆፈር ያስፈልጋል።

ጉድጓዱ የሚናገረው

ሦስት ጉድጓድ ይቆፍሩ፦ አንዱን ሣሩ ያለበት፣ አንዱን ባዶው ላይ፣ አንዱን በመካከል። ስፋቱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ጥልቀቱ የቀድሞው አፈር እስኪገኝ ወይም አንድ ሜትር እስኪሞላ ይሁን። ከአንድ ሜትር በላይ በጠለቀ አሸዋማ ጉድጓድ ውስጥ ሰው እንዳይገባ፤ ግድግዳው ሳይታሰብ ይደረመሳል።

አካፋ የላሰው ግድግዳ ሁሉን ይደብቃልና አንዱን ጎን በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይፈቅፍቁት። ላዩ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ግራጫ ቅርፊት ያገኛሉ። ቅርፊቱን በጥፍር ገልብጠው በሆዱ በኩል ቢያዩት ብዙ ጊዜ ክብ ክብ የአየር ቀዳዳ አለው፤ የእንጀራ ዓይን ይመስላል፤ ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ ስለዚህ ውሃ አያሳልፉም። ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ ተጣብቀው ይመጣሉ። የቀድሞው አፈር ሲደርሱበት ያስታውቃል። ጠቆር ይላል፣ የሞቱ የሣር ሥሮች ይታዩበታል፣ ሲያሸቱት አፈር አፈር ይላል። ላሃሩ የሚሸተው እንደ እርጥብ ድንጋይ ነው። የተቀበረው አፈር ግራጫ ወይም ሰማያዊ መልክ ይዞ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር ታፍኗል ማለት ነው፤ ያን አፈር አውጥተው ሁለት ሦስት ሳምንት ሳያናፍሱ ከችግኝ ሥር አያድርጉት።

አሁን የሣሩን ሥር ይከተሉ። በውሃ በተሞላ መርጫ ቀስ እያጠቡ እስከ ጫፉ ይውረዱ። እንደ ግምቴ ሥሩ ላሃሩን በስንጥቅ በኩል አቋርጦ የቀድሞው አፈር ላይ ሲደርስ እንደ ጢም ተበትኖ ያገኙታል። እንደዚያ ከሆነ ያ ሣር ላሃሩ ላይ ቆሞ እንጂ ላሃሩን በልቶ አልኖረም፤ የሚኖረው ከሥር ባለው አሮጌ አፈር ነው። ዳሩ ለምን እንደለመለመ መልሱ ይህ ነው። በተቃራኒው ሥሩ ድንበሩ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ከታጠፈ ሌላ ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።

የውሃው ሂሳብ

ይህን ክፍል በእርጋታ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፤ የችግኞቹ ሞት ምስጢር ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን።

ብስባሽ የሌለው አሸዋማ ክምችት ለተክል የሚሆን ውሃ የሚይዘው ከይዘቱ 8 በመቶ ገደማ ነው ብለን እንውሰድ። 15 ሴንቲ ሜትር የወረደ ሥር ያለው ችግኝ የሚደርስበት ውሃ እንግዲህ 150 ሚሊ ሜትር ሲባዛ በ0.08፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ከክምችቱ 40 በመቶው ድንጋይና ጠጠር ከሆነ፣ ድንጋይ ውሃ አይዝምና የሚቀረው 60 በመቶው ብቻ ነው፤ 7 ሚሊ ሜትር። በሞቃት ቀን መሬቱና ቅጠሉ አንድ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ያጠፋሉ። ያ ችግኝ ከመጨረሻው ዝናብ በኋላ የሁለት ቀን ስንቅ እንኳ የለውም። ሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ በዚያው ድንጋያማ ነገር ውስጥ እንኳ፣ ስንቁ ወደ ሰባት ቀን ይደርሳል። የቀድሞው አፈር ውስጥ ከገባማ ስሌቱ ጨርሶ ይለወጣል፤ ጥሩ ድቡልቡል ያለው አፈር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይይዛልና።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ድንጋዩ ፑሚስ ከሆነ፣ ማለትም ውስጡ በቀዳዳ የተሞላና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ስሌት ከእውነታው ይልቅ የከፋ ቁጥር ይሰጣል። ፑሚስ በቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛል፤ ሥርም ከፊሉን ያገኘዋል። እንዲያውም ፑሚስ የበዛበት ጥግ ካለ መጀመሪያ እዚያ ይትከሉ።

የቅንጣቱን ዓይነት ለማወቅ ላሃሩን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍተው ያለፈውን በአንድ ሊትር ብርጭቆ ማሰሮ እስከ ሲሶው ይሙሉ፤ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምረው አምስት ደቂቃ ይበጥብጡት። አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚረጋው አሸዋ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚረጋው ደቃቅ ደለል ነው፤ ከዚያ በኋላም ውሃውን አደፍርሶ የሚቆየው ሸክላ ነው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አይርሱት፤ እሱ ፑሚስ ነውና በቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ሸክላው ትንሽ ቢመስልም ጠባዩን ይለውጠዋል። በፊሊፒንስ ፒናቱቦ በ1991 ከፈነዳ በኋላ የወረዱት ላሃሮች በአብዛኛው አሸዋማ ናቸው፤ ችግራቸው ውሃ አለመያዝ ነው። በአንጻሩ ከ5,600 ዓመት ገደማ በፊት በዩናይትድ ስቴትስ ካለው ከሬይኒር ተራራ የወረደው የኦሲዮላ ጭቃ ጎርፍ ሸክላ የበዛበት ነበር፤ ዛሬም በላዩ ላይ የተፈጠረው አፈር ውሃ በዝግታ ስለሚያሳልፍ በክረምት ይረጥባል፣ ይታቆርበታል። ሁለቱም «ላሃር» ይባላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው ብስባሽ፣ ጉዝጓዝና ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛው ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ። አሸዋማው ላይ መደብ ከፍ ማድረግ ችግኙን ማድረቅ ነው፤ ሸክላማው ላይ የጎደጎደ መትከያ መሥራት ማስጠም ነው።

ሥር ያልፋል ወይ?

ላሃር ሲረጋ ውሃው ወደ ታች እየተጨመቀ ይወጣና ትልልቁ ቅንጣት መካከል ትንንሹ ገብቶ ይጠቀጠቃል። ይህን በቁጥር ለማወቅ ድንጋያማ መሬት ላይ ቱቦ መምታት አይሆንም፤ ድንጋዩ ያበላሸዋል። በዚህ መንገድ ይሥሩት፦ ላዩን ካስተካከሉ በኋላ 4 ሊትር ገደማ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረው የወጣውን አንዲት ጠጠር ሳትቀር ይሰብስቡ። ጉድጓዱን በስስ ፕላስቲክ ያልብሱትና በሚለካ ጣሳ ውሃ እየሞሉ ስንት ሊትር እንደያዘ ይመዝግቡ። የወጣውን በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁና ይመዝኑት።

ጉድጓዱ 4 ሊትር ይዞ የደረቀው 7.2 ኪሎ ቢሆን፣ 7.2 ለ4 ሲካፈል በአንድ ሊትር 1.8 ኪሎ ይመጣል። ይህ ያስደነግጣል፤ ግን ይቆዩ። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የቀረው ጠጠር ለብቻው 2.6 ኪሎ ቢመዝንና አፍ እስከ ገደፉ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ሲነከር 1 ሊትር ውሃ ቢያፈስ፣ ደቃቁ 4.6 ኪሎ በ3 ሊትር ውስጥ ነው፤ 1.53። ሥር የሚያልፈው በደቃቁ በኩል ነውና ትክክለኛው ቁጥር ይህ ነው። ብዙ ሰው ጠጠሩን ሳይቀንስ «ጠጥሯል» ብሎ በከንቱ በከባድ መሣሪያ ያሳርሳል።

መለኪያው ይህ ነው፦ አሸዋማ ከሆነ ወደ 1.8 ሲጠጋ ሥር ይቆማል፤ ደቃቅ ደለል ከበዛው 1.65 እስከ 1.75 ላይ፤ ሸክላ ከሆነ 1.47 ላይ እንኳ ይቆማል። በ1.8 ላይ ካለው ይዘት ባዶ ቀዳዳ የሚሆነው 32 በመቶ ብቻ ነው፤ በ1.3 ላይ ግማሹ ነው። ቀዳዳው ሲያንስ ሥር መግቢያ ብቻ ሳይሆን አየርም ያጣል። በ1947 በሬይኒር ተራራ የካውትስ ጅረት ጭቃ ጎርፍ ግንዳቸውን የቀበራቸው ዛፎች ቆመው የደረቁት፣ ሥራቸው ከአየር በመራቁ ጭምር ነው።

ድንበሩ ላይ ወደ ታጠፈው ሥር ልመለስ። ላሃሩና የቀድሞው አፈር የሚገናኙበት መስመር በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ካለ፣ ውሃም ሥርም እዚያ ይቸገራሉ። ከላይ ደቃቅ፣ ከታች ሻካራ ከሆነ ውሃው ላይኛው እስኪጠግብ ድረስ ወደ ታች አይወርድም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ሻካራ፣ ከታች ሸክላ ከሆነ ደግሞ ድንበሩ ላይ ይተኛል። ሁለቱንም የሚፈታው ድንበሩን ማፍረስ ነው፤ አሮጌው አፈር በሚደረስበት ቦታ የመትከያው ጉድጓድ እሱ ውስጥ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ሁለቱ መደባለቅ አለባቸው።

ስለ ቅርፊቱ ብዙ አልልም። የዝናብ ጠብታ ሲመታው ይጠነክራል፣ ውሃ በላዩ ይፈሳል፣ የነፈሰ ዘር መያዣ ስለሚያጣ ይንከባለላል። ባዶው ላይ ያሉትን ጥቂት ቡቃያዎች ቢያዩ ድንጋይ ጥግ፣ ስንጥቅ ውስጥ ወይም ትንሽ ቦይ ዳር ነው የሚያገኟቸው፤ ጥላ አለ፣ ዘር ይያዛል፣ እርጥበት ይቆያል። ስለዚህ መሬቱን በግሬደር አስተካክሎ ማለስለስ፣ ምንም ያህል ዓይን ቢማርክ፣ ለዘሩ ያለችውን መያዣ ማጥፋት ነው። በዶማ ቅርፊቱን ሰብረው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቁ ጎድጓዳዎች ዳገቱን አቋርጠው በየሜትሩ ያበጁ፤ ድንጋዮቹን አይልቀሙ።

ዩሪያው የት ሄደ?

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ መሬትዎም በእርግጥ ናይትሮጅን የለውም። ታዲያ ለምን አልሠራም? ብስባሽና ሸክላ የሌለው አሸዋ ማዳበሪያ የሚይዝበት እጅ የለውም። በዝናብ ወቅት የተጨመረው ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከሥሩ በታች ይወርዳል፤ በደረቅ ወቅት ላዩ ላይ የተበተነው በአሞኒያ መልክ ይተናል። በዚያ ላይ የተጠማ ችግኝ ማዳበሪያ አይመገብም። አንድ እፍኝ ዩሪያ ከግንዱ ሥር ማድረግማ በአሸዋ ላይ ሥሩን በጨው ያቃጥላል፤ ከደረቁት አንዳንዶቹ በዚህ ሳይሆን አልቀረም።

ናይትሮጅን የሚያስፈልገው በትንሽ በትንሹና ከብስባሽ ጋር ነው። ለሣርና ለጥራጥሬ መደብ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፤ ዩሪያ ካስፈለገ በካሬ ሜትር 4 ግራም ብቻ፣ በዝናቡ ወቅት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ። ለተተከለ ችግኝ ሥር ከያዘ በኋላ ከ5 እስከ 10 ግራም፣ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ተቀብሮ። ያልበሰበሰ ገለባና የእንጨት ፍቅፋቂ ከአፈሩ ጋር አይደባልቁ፤ ደቂቅ ነፍሳቱ እሱን ለማብላላት ያለችውን ናይትሮጅን ይሻሟታል። ላዩ ላይ እንደ ጉዝጓዝ ሲነጠፍ ግን ይጠቅማል።

በተፈጥሮ ናይትሮጅኑን የሚያስገቡት ከአየር የሚይዙ ዕፅዋት ናቸው። በሴንት ሄለንስ የፑሚስ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ሰፍሮ የተስፋፋው የግብጦ ዘመድ የሆነ አጭር ተክል ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት በናይትሮጅንና በብስባሽ ከዙሪያው በልጦ ተገኝቷል። ግን ነፍሳት እየበሉት መስፋፋቱ በየጊዜው ተገትቷል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥራጥሬ ብቻ መዝራት አደጋ አለው። በፒናቱቦ ደግሞ ከቀዳሚዎቹ መካከል ረጅም የሸንኮራ ዘመድ ሣርና ናይትሮጅን የሚይዝ ፓራስፖኒያ የተባለ ዛፍ ይገኛሉ። ጊዜው ረጅም መሆኑን ለመረዳት የካሊፎርኒያው ሻስታ ተራራ ይጠቅማል። ከ27 ዓመት እስከ ከ1,200 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የጭቃ ጎርፍ ክምችቶች ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ፣ ናይትሮጅኑና ብስባሹ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ፣ የላይኛው አፈርም እየኮመጠጠ ሄዷል።

ጥራጥሬ ናይትሮጅን እንዲይዝ ፎስፈረስ ይፈልጋል። ላሃሩ ውስጥ ፎስፈረስ በማዕድን መልክ ቢኖርም በዝግታ ነው የሚለቀቀው። ሲዘሩ ባለ 46 በመቶ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት በካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል ከዘሩ ሥር በመስመር ያድርጉ፤ አይበትኑት። ከሥር ያለው የቀድሞ አፈር ጥቁር፣ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት የሚያሙለጨልጭ አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፈር ከሆነ በመስመር ማድረጉ ግዴታ ነው፤ ያ አፈር አሎፌን የሚባል ማዕድን ስላለው ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዝና ለተክል አይለቅም።

በጥራጥሬው ሥር ላይ ያሉት እባጮች መሥራታቸውን ለማወቅ ከተዘራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ አንዱን ተክል ሳይበጥሱ ከነአፈሩ ያውጡ። እባጩን በጥፍርዎ ለሁለት ይክፈሉት። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም፤ ትክክለኛው ባክቴሪያ የለም ወይም ፎስፈረስ አጥሮታል። አዲስ ላሃር ውስጥ ባክቴሪያውም፣ ከዛፍ ሥር ጋር የሚኖረው ጠቃሚ ሻጋታም የሉም። በሴንት ሄለንስ ፍልፈል መሰል አይጦች ከሥር አሮጌውን አፈር እየቆፈሩ ወደ ላይ ሲያወጡ የሻጋታውን ዘር አብረው አውጥተዋል። እርስዎ የፍልፈሉን ሥራ በአካፋ ይሥሩት፤ ከዚያው ዓይነት ጤናማ ዛፍ ወይም ጥራጥሬ ሥር ከ200 እስከ 500 ግራም አፈር ወስደው በየጉድጓዱ ከሥሩ አጠገብ ያድርጉ። ፀሐይ እንዳይመታው ይሸፍኑት፣ በዚያው ቀን ይጠቀሙበት።

የኮመጠጠስ ከሆነ?

ትኩስ አመድ ላይ የተጣበቀው አሲድ በሁለት ክረምት ታጥቦ ሄዷልና ብዙ ጊዜ ስጋት አይደለም። የሚያሰጋው ላሃሩ ከተራራው ውስጥ በሙቅ ውሃ የበሰለ፣ ድኝ የያዘ ድንጋይ ይዞ ከመጣ ነው። ምልክቱ ከሥሩ የሚወጣ የዝገት መልክ ያለው ውሃ፣ ገለባ የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚወጣ ጨው ነው። እርጥብ ናሙና ወስደው ፒኤቹን (የኮምጣጣነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወዲያው ይለኩ፤ ከዚያ በክፍት ዕቃ እንዳይደርቅ እያረጠቡ ለስምንት ሳምንት አቆይተው በየሳምንቱ ይለኩት። ቁጥሩ እየወረደ ከ4 በታች ከገባ ድኙ አየር ሲያገኝ አሲድ እየሆነ ነው። ያን ጥግ አያርሱ፣ አይገልብጡ፤ በገለበጡት ቁጥር አዲስ አሲድ ይወጣል። ፒኤቹ ከ5.5 በላይ ከሆነ ኖራ አያስፈልግዎትም። ከዚያ በታች ሆኖ ከረጋ ግን አሸዋማው ላይ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ኖራ ይበቃል፤ በዓመቱ ለክተው ካልተነሳ ይጨምራሉ።

አሁን እንዴት ይትከሉ?

ዳሩ ላይ፣ ላሃሩ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነበት፣ ሥራው ቀላል ነው። አፈሩ እርጥበቱ መካከለኛ ሳለ ጠለቅ አድርገው በማረስ አሮጌውን ከአዲሱ ያደባልቁ፤ ጭቃ ሳለ ግን አይንኩት፤ ይጠቀጠቃል። ሣሩ የያዘውን ቦታ ግን ማረሻ አያስገቡበት፤ ያ ሣር ለመሃሉ የዘር ምንጭዎ ነው።

መሃሉ ላይ የ200 ችግኝ ጉልበት ለ60 ይስጡ። በጎድጓዳ፣ በድንጋይ ጥግና ፑሚስ ባለበት ከ10 እስከ 15 ችግኝ በአንድ ላይ እየሰበሰቡ እንደ ደሴት ይትከሉ፤ እርስ በርስ ይከላከላሉ፣ ወፍም ያርፍባቸዋል፣ ዘር ይጥላል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 216 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ሲሶውን፣ 70 ሊትር ያህል፣ ከዳሩ ወይም ከሥር ከወጣ የቀድሞ አፈር ይሙሉ፤ ከ20 እስከ 25 ሊትር የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩ፤ የቀረውን ከጭብጥ የሚበልጠው ድንጋይ የወጣለት ላሃር ያድርጉ። ሁሉንም ይደባልቁት። በንጣፍ ከሞሉት ያን የሚያስቸግር ድንበር በእጅዎ መልሰው ሠሩት ማለት ነው። የጉድጓዱን ግድግዳ በዶማ ጫፍ ይጫሩት፤ ልስን ግድግዳ ሥሩን እንደ ገንቦ ውስጥ ያዞረዋል። አሸዋማ ከሆነ ጉድጓዱ ተሞልቶ ሲያልቅ ላዩ ከዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ክትር ያድርጉ። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ከግንዱ አራቅ አድርገው ያንጥፉ፤ ከወጡት ድንጋዮች ጥቂቱን በላዩ ይደርድሩ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ይይዛሉ፣ ትነትም ይቀንሳሉ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ አይቸኩሉ፤ ቆፍረው እርጥበቱ 30 ሴንቲ ሜትር መውረዱን ሲያዩ ይትከሉ፤ ከዚያ ግን አንድም ቀን አያሳልፉ። ሥሩ ዝናቡ ሳይቆም በተቻለ መጠን መውረድ አለበትና። ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ የተጠመዘዘ ረጅም ችግኝ ሳይሆን፣ አጭር ግንድና ቀጥ ያለ ሥር ያለውን ይምረጡ።

ከተራራው የሚወርድ ወንዝ ዳር ላለው ክፍል ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ላሃሩ ይመለስ እንደሆነ ያስቡ። በፒናቱቦ ከፍንዳታው በኋላ ለብዙ ዓመታት በየዝናቡ ወቅት አዲስ ላሃር ወርዷል። ከወንዙ በላይ ልቅ አመድና አሸዋ ገና ካለ በዚያ ዳር የሚተከለው ቶሎ የሚያገግም ሣር ብቻ ይሁን።

ላቦራቶሪ ከላኩ ከሦስቱ ጉድጓዶች ለየብቻ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትርና ከድንበሩ በታች ካለው አሮጌ አፈር አንድ አንድ ኪሎ ይላኩ፤ አይቀላቅሉት። ፒኤች፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን፣ ካርቦን፣ ለተክል የሚሆን ፎስፈረስና የቅንጣት ስብጥር ያሠሩ። ላቦራቶሪው ናሙናውን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍቶ ያለፈውን ብቻ ነው የሚለካው። መሬትዎ 40 በመቶ ጠጠር ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን የንጥረ ነገር ቁጥር በ0.6 ያባዙት፤ ያለበለዚያ የሌለዎትን አለኝ ብለው ያቅዳሉ።